የነጋድራስ ተሰማ ልጅና ኳስ

ልጁ ኳስ ሲጫወት አይቶ ደስ የሚለው አባት በአገራችን ብዙ አይገኝም። አባት «ሥራ ፈት ሆነህ ልትቀር ነው» ብሎ ይቈጣል፤ እናት የተቀደደውን ሱሪ ይዛ ታማርራለች፤ ጫማ የሌለውም ልጅ ጥፍሩን ነቅሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከሕመሙ ይልቅ የሚፈራው የሚጠብቀውን ቍጣ ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፤ በአጋሮም ሆነ በሊሙ፤ ቡና የሚሰጣበት ሜዳ ቡናው ተነሥቶ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ልጆች የጨርቅ ኳሳቸውን ይዘው ይሰፍሩበታል። ባለ ቡናው ዱላውን ይዞ ሲወጣ ይበተናሉ፤ ዘወር ሲል ይመለሳሉ። ይህ ክርክር በሽማግሌ የሚያልቅ አይደለም።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ታሪካቸውን የምንነግራችሁ ሰው የተወለዱት በዚያው በጅማ ነው። ኳስ ይዘው አደጉ፤ በኳስ ምክንያት የአገር መልእክተኛ ሆኑ፤ በመጨረሻም የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር በሊቀ መንበርነት ዐሥራ አምስት ዓመት መሩ። እኒህ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፤ በዘመን መለወጫ ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ ጅማ ለማዕከላዊው መንግሥት እየገበረች በገዛ ንጉሥዋ በአባ ጅፋር የምትተዳደር አገር ነበረች። ቤተ መንግሥቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ፤ ገበያው ከታች በሂርማታ ነበረ። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ በሂርማታ ይገናኝ ነበርና፤ ዛሬ ጅማ የምንለው ከተማ ያደገው በዚሁ በገበያው ሥፍራ ነው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴና የቀረጥ ሹም ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ነገር ግን ነጋድራስ ተሰማን ሕዝቡ ያወቃቸው በሹመታቸው ብቻ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢልን ነገር ተምረዋል፤ በዚያም ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በሸክላ ከተቀረጸው የአገራችን ዘፈን መጀመሪያው የእሳቸው መሆኑ ይነገራል። ግጥማቸው በሰምና በወርቅ የተሠራ ስለ ነበረ መኳንንቱም፤ ተራው ሰውም እየተቀባበለ ይጠቅሰው ነበር። በዚያን ዘመን ግን ዘፈን የአዝማሪ እንጂ የባለ ሹመት ሥራ ተብሎ አይቈጠርም ነበርና፤ እኒህ ሰው ሰው የሚንቀውን ሙያ ሳይንቁ ሹመትንም ዘፈንንም በአንድነት ይዘው መኖራቸውን ልብ ማለት ይገባል። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ልጅ ሌላ የተናቀ ሙያ ይዞ ቢያድግ የሚያስገርም አይመስለኝም። ስሙም «ይድነቃቸው» ነው፤ ያየና የሰማ ይደነቅ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለም?

ኳስ በራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የገናን ጨዋታ በልጅነቱ ያልተጫወተ መኰንን ጥቂት ነው፤ በዚያም ሜዳ ላይ ጌታ በሎሌው ዱላ ቢመታ እንዳይቈጣ ልማድ ይከለክለዋል። በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚሉትን፤ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ መትቶ የሚያርቅበትን ጨዋታ ያየ ኢትዮጵያዊ የገናን ዱላ ማስታወሱ አይቀርም። በእግር የሚመታው ኳስ ግን በውጭ አገር ሰዎችና በትምህርት ቤቶች በኩል የገባ ነው። ይድነቃቸውም በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ፈረንሳይኛንና ኳስን አብረው ያዙ። በኋላ ዘመን ሁለቱም እኩል ጠቅመዋቸዋል።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የአራዳ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን የእግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከመሥራቾቹም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በስማቸው ይታወቃሉ። ማኅበሩ ገና ሥር ሳይሰድ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያን በቈየበት አምስት ዓመት ውስጥ የቆዳን ቀለም የሚለየው ሕግ እስከ ኳስ ሜዳ ድረስ ደረሰ። ለአገሬው ተወላጅ የተለየ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ተከፈተ፤ ከነጭ ጋር መጋጠም ተከለከለ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተብሎ እንዲጠራ ተደረገ።

አንባቢ ይህን ነገር እንደ ቀላል አይመልከተው። ሰው ርስቱን የተቀማ እንደ ሆነ በዳኛ ፊት ቆሞ ይከራከራል፤ ምስክር ይቈጥራል፤ ይግባኝ ይላል። «ከእኔ ጋር ለመጫወት እንኳ አትበቃም» የተባለ ሰው ግን ክሱን የሚያቀርብበት ችሎት የለውም። ይድነቃቸው ይህን ያዩት ዕድሜያቸው ዐሥራ አምስት ዐሥራ ስድስት ሲሆን፤ ልብ ያየውን ሁሉ በሚይዝበት ጊዜ ነበረ። በኋላ የሠሩትን ሥራ ሁሉ ስመለከት፤ ያንን የጠፋ ችሎት ሲፈልጉ የኖሩ ይመስለኛል።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፤ በ1943 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴራሲዮን ተቋቋመ። በሚከተለውም ዓመት በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የገቡት ቡድኖች አምስት ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፤ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፤ አራራት የአርመኖች፤ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች ሲሆን፤ አምስተኛው የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ነበረ። በገዛ መዲናችን ከአምስቱ ቡድን የኛ አንዱ ብቻ ነበረ ማለት ነው። ዋንጫውንም የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ወሰደው። ይሁን እንጂ ትናንት ከጣሊያን ጋር በአንድ ሜዳ መቆም ተከልክሎ የነበረው ማኅበር፤ የተነጠቀውን ስሙን መልሶ፤ ከጣሊያኖቹ ቡድን ጋር በአንድ ውድድር በእኩልነት ተሰለፈ። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ከዋንጫው የሚያንስ ነገር አልነበረም።

አቶ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ከ1943 እስከ 1958 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዐሥራ አምስት ዓመት ተጫወቱ። እንደ ተመዘገበው 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ጎል አግብተዋል፤ ይህም በስምንት ጨዋታ ሰባት ጎል ያህል ይሆናል። በዛሬው ዘመን ይህን ያደረገ ተጫዋች ደመወዙ በሚሊዮን ይቈጠራል። በዚያን ጊዜ ግን በኢትዮጵያ ኳስ የሚጫወት ሰው ለጨዋታው ደመወዝ አይቀበልም፤ እንጀራውን በሌላ ሥራ ያገኛል፤ ለኳስ የሚተርፈው ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓትና የእሑድ ቀን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ1950 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ።

በዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ታላላቅ የቤዝቦል ማኅበሮች ስድሳ ዓመት ያህል ጥቁር ተጫዋች ሳይቀበሉ ኖረው ነበርና፤ ጥቁሮቹ የራሳቸውን ማኅበር አቁመው ለብቻቸው ይጫወቱ ነበር። በሚያዝያ ወር 1939 ዓ.ም. ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የብሩክሊን ዶጀርስን ልብስ ለብሶ ከነጮች ጋር ሜዳ ገባ። ስድቡን ሁሉ ታግሦ በጨዋታው አሸነፈ። ጥቂት ወራት ቈይቶ፤ በ1940 ዓ.ም.፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ አገር ቡድን ጋር በአዲስ አበባ ተጋጥሞ የፈረንሳይ ሶማሌላንድን 5 ለ 0 ረታ። ሮቢንሰን በደመወዝ የሚጫወት ባለሙያ ነበረ፤ ይድነቃቸው ግን አልነበሩም። ሁለቱም ያደጉት ግን የቆዳ ቀለም ሜዳውን ለሁለት በከፈለበት አገር ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ጉባኤ ይገባል። የኳስ ወዳጆች ይህን ክፍል ቸል ይሉታል፤ እኔ ግን ከ318ቱ ጎል ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብጽ፤ የሱዳን፤ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴራሲዮን አቋቋሙ። ለኢትዮጵያ የቆሙት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ ወዲያው በዚያው በካርቱም እንዲደረግ ተወሰነ። አራት አገር ስላለ አራት ቡድን ይጋጠማል፤ ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ መልእክተኛ «መንግሥቴ የሚፈቅደው ሙሉ በሙሉ የነጭ ቡድን ወይም ሙሉ በሙሉ የጥቁር ቡድን እንድንልክ ነው፤ የተቀላቀለ አይሆንም» የሚል ነገር አቀረበ።

የጥቁር ቡድን ከመጣ ምን ከፋ? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ክፋቱ ይህ ነው፤ የጥቁር ቡድን ብሎ መቀበል ማለት ሕጉን መቀበል ማለት ነው። ውቤ ሠፈር ላይ የተጻፈውን ሕግ ካርቱም ላይ በገዛ እጅ መፈረም ይሆናል። የግብጽ፤ የሱዳንና የኢትዮጵያ መልእክተኞች በአንድ ቃል እንቢ አሉ፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣ። አዲሱ ማኅበር ገና በተወለደ በሳምንቱ ከአራት አባሎቹ አንዱን ማጣት አይፈራም ነበር ለማለት አይቻልም፤ ፈርቶም ቢሆን ግን ቃሉን አላጠፈም።

በጨዋታው በኩል ለኢትዮጵያ የወጣው ዕጣ መራራ ነበረ። ደቡብ አፍሪካ ስለ ቀረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ፤ በፍጻሜውም ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው ኤል ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ በ1951 ዓ.ም. እንደ ገና ከግብጽ ጋር ተጋጠምን፤ አሁንም 4 ለ 0። ስምንት ጎል ገብቶብን አንድ አልመለስንም።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ተደረገ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድናቸው በመጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታ፤ ጥር 13 ቀንም ለፍጻሜ ያው የታወቀው ግብጽ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰገነት ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። ግብጽ በመጀመሪያው ክፍል አንድ አገባች። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ኢትዮጵያ አስተካከለች፤ ነገር ግን ደስታው ሳይበርድ በደቂቃ ውስጥ ግብጽ ሁለተኛውን ጨመረች። በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ላይ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባና ሁለት ለሁለት ሆነ። በተጨመረው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፤ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ቀድሞ በእኛ ላይ ይቈጠር የነበረው አራት ጎል በዚህ ቀን ለእኛ ተቈጠረ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ሉቺያኖና ኢታሎ በአሥመራ የተወለዱ፤ አባታቸው ጣሊያናዊ፤ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። በጠላት ዘመን የነበረው ሕግ የሚጠላው ይህንኑ ዓይነት ልጅ ነው፤ ከነጩም አያስቈጥረውም፤ ከጥቁሩም አያሳርፈውም። በወጣትነታቸው በጣሊያን ሕግ ከሜዳ የተለዩት ሰው፤ በአርባ ዓመታቸው የጣሊያናዊ ልጅ አምበል የሆነበትን ቡድን ይዘው ለኢትዮጵያ ዋንጫ አገኙ። ቂም መያዝ ለሚቀለው ሰው ይህ ነገር ብዙ የሚያሳስበው ነው። ሽማግሌው አባታቸው ነጋድራስ ተሰማም ይህን ለማየት ደርሰዋል፤ ያረፉት በ1957 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልናገር። በ1966 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካና ለእስያ በአንድነት የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፤ የአፍሪካ ማኅበሮች በጋናው በኦሄኔ ጃንና በአቶ ይድነቃቸው መሪነት ጭምር ተቃውመው ከውድድሩ ወጡ። በሚከተለው በ1970ው ዋንጫ ለአፍሪካ የራስዋ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮም ሄደችበት። በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ ኮንፌዴራሲዮን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ሆነዋል። የካርቱሙም ሙግት በዚያው አልቀረም፤ የዓለሙ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አንድ ጊዜ ሲያግድ፤ አንድ ጊዜ ሲፈታ ቈይቶ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ እንደ ገና አገዳት፤ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጨርሶ አስወጣት። ከካርቱም እስከ ሞንትሪያል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሆናል። በፍርድ ቤት የኖረ ሰው ሙግት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያውቃል፤ ነገር ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሰለች አንዱን ነገር ይዞ የሚቆም ተሟጋች እኔ ብዙ አላየሁም። በዚህ መካከል በአገራችን መንግሥት ተለውጧል፤ እሳቸው ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

በአንድ ነገር ላይ ከእሳቸው ጋር የማይስማማ ወላጅ እንደሚኖር እገምታለሁ። የአፍሪካ ልጆች ጨዋታቸውን ለአውሮፓ ማኅበር ሸጠው መሄዳቸውን አቶ ይድነቃቸው አይወዱም ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ እያንዳንዱ አገር ከውጭ አገር የሚያመጣው ተጫዋች ከሁለት እንዳይበልጥ የሚያዝዝ ደንብ እስከ 1982 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጸንቶ ነበረ። አሳባቸው ግልጽ ነው፤ ጥሩ ጥሩው ሁሉ ከሄደ በአገር ሜዳ ማን ይቀራል? ቡናችን እንኳ ምርጡ ወደ ውጭ እየተጫነ ለቤት የሚቀረው ተራው መሆኑን የጅማ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው ያለ ደመወዝ የተጫወቱት እንጀራ የሚሆን ሌላ ሙያና የፈረንሳይኛ ትምህርት ስለ ነበራቸው ነው። ከእግሩ በቀር ሌላ ሀብት የሌለውን የድኻ ልጅ «አትሂድ» ማለት ለእኔ ይከብደኛል። ደንቡም ተሻረ፤ ልጆቹም ሄዱ። ዛሬ የአፍሪካ ታላላቅ ተጫዋቾች ብዙዎቹ የሚታዩት በአውሮፓ ሜዳ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕለቱ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ የሰፈር ልጆች በየደጁ ቡሄ የሚጨፍሩበት ቀን። በዘመን መለወጫ ተወልደው በቡሄ ዐረፉ፤ ሁለቱም የልጆች በዓላት ናቸው። በሊቀ መንበርነት ዐሥራ አምስት ዓመት ከቈዩ በኋላ፤ ከወንበሩ ያስነሣቸው ሞት ነበረ።

በጅማ ዛሬ አንድ የእግር ኳስ ማኅበር አለ፤ ስሙም ጅማ አባ ጅፋር ይባላል። አባ ጅፋር የንጉሡ የፈረስ ስም መሆኑን መኳንንቱ ያውቁታል፤ በግቤ ነገሥታት ልማድ ንጉሥ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና። ይህ ማኅበር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሬሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ሲፎካከር ቈየ። ሁለቱ በነጥብ እኩል ሆኑ። የተለያዩት በጎል ብልጫ ሲሆን፤ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የተባለው የጅማው ቡድን ነበረ። አቶ ይድነቃቸው በሕይወት ኖረው ቢሆን በዚያ ቀን በየትኛው ወገን ይቀመጡ እንደ ነበረ፤ በጅማ ቡና ቤቶች ውስጥ ለመከራከር የሚበቃ ጥያቄ ነው።